ምክር ተሰጥቶት ተሰናብቷል

የጉምበር ፖሊስ ጣቢያ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ የሚከፍተውም ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያው አንድ ሰው ነው። ዋና ሳጅን ልሳነወርቅ መጀመሪያ ኮፍያውን ምስማሩ ላይ ይሰቅላል፣ ጠረጴዛውን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፣ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ከአናቱ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም በሰማያዊው አምስት ዓምዶች ያሰምራል፤ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የባለጉዳይ ስም፣ ጉዳዩ፣ የተወሰደ እርምጃ። የእጅ ጽሑፉ ከማማሩ የተነሣ ከዞን የሚመጡ ተቆጣጣሪዎች የተጻፈውን ትተው ፊደሉን ሲያደንቁ ይውላሉ። እሱም ያልሰማ ይመስላል እንጂ አንድም ቃል አያመልጠውም።

ጉምበር ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከሸለቆው ቀስ እያለ ይወጣና መጀመሪያ መናኸሪያውን፣ ቀጥሎ ገበያውን፣ በመጨረሻም የጣቢያውን ግቢ ይሸፍናል። ያን ጊዜ ከቢሮው ደጃፍ እስከ ዋናው በር ያለው ሠላሳ እርምጃ ያህል መንገድ ከዓይን ይጠፋል፤ ሰው መምጣት መሄዱ የሚታወቀው ጠጠሩ ላይ በሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው። ልሳነወርቅ ሰውን በኮቴው መለየት ይችልበታል። የሚያነክሰውን፣ ተናድዶ የሚመጣውን፣ በሰው ጫማ የሚሄደውን፣ በሩ ጋ ደርሶ ልቡ የሚከዳውን ሁሉ ገና ፊቱን ሳያየው ያውቀዋል።

ድሮ የገባ ሁሉ አይጻፍም ነበር። ሌብነት፣ ድብድብ፣ ቃጠሎ የመሰለው ይጻፋል፤ ሌላውን ልሳነወርቅ ዝም ብሎ ይሰማዋል። ወደ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊከስ የመጣ አለመሆኑን ያውቃል፤ አንዳንዱ የሚመጣው የሚሰማው አጥቶ ነው። አግዳሚው ላይ ያስቀምጠዋል፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይለዋል፣ ሰውየውም የሆዱን ዘርግፎ ሲያበቃ ራሱ ያፍርና «በቃ ተወው፣ ጋሽ ሳጅን» ብሎ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ የሚለዩት አባባ እንግዳሸት ነበሩ። የጎረቤታቸው አሸንዳ ዝናቡን ከነጭቃው ግድግዳቸው ላይ ያፈስባቸዋል፤ ይህንኑ ለመናገር ስድስት ክረምት ሙሉ ከዘራቸውን እየመቱ ተመላልሰዋል። አሸንዳው ቢነሣ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ልሳነወርቅ አንዳንዴ ያስብና ይጨነቅ ነበር።

ይህ የሰው ሁሉ ሰሚ ግን አንዲት ልጁን አልሰማትም። ስሟን ማህደር ያላት ራሱ ነው፤ ባልደረቦቹ «በልጁም ላይ ፋይል ከፈተባት» እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል። ከአራት ዓመት በፊት፣ እናቷ ከሞተች በዓመቱ፣ ማህደር አባቷን ቤት ውስጥ ማናገር አልሆን ቢላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጣቢያው መጣችና ከባለጉዳዮቹ ጋር ወረፋ ይዛ ተቀመጠች። ተራዋ ደርሶ ጠረጴዛው ፊት ስትቆም አባቷን ሰው ማሳቅ አማረውና «ጉዳይሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አላት። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለችና ወጣች። ሥራ ጨርሶ ቤት ሲገባ፣ እሱ ራሱ ባስተማራት በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማመልከቻ ጠበቀው። «ለአባቴ። ጉዳዩ፦ መሄዴን ስለማሳወቅ።» ይላል። ከሥሩ ፊርማዋ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ያቺን ወረቀት ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረት ኪሱ ይዟት ይዞራል። ማጠፊያዋ አልቆ በፕላስተር አያይዟታል።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው በሐምሌ አጋማሽ ከዞን በመጣች አንዲት ገጽ ተኩል ሰርኩላር ነው። ያመጣት አዲሱ አዛዥ ኢንስፔክተር ገዛኸኝ ሲሆን፣ ገና ወጣት፣ ጫማው የማይቆሽሽ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ባዶ ቦታ አይወድም እንጂ። ከእንግዲህ በዋናው በር የገባ ሁሉ ይጻፋል፤ መንገድ የጠየቀ ቢሆን፣ ከዝናብ የተጠለለ ቢሆን ይጻፋል። የማንም ጉዳይ ሳይዘጋ አያድርም። በር ላይ የሚቆመው ኮንስታብል ቢያድግልኝ የገቢውን መታወቂያ እየተቀበለ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራል፣ ሲወጣ ይመልስለታል፤ ማታ ላይ የመታወቂያው ቁጥርና የመዝገቡ ቁጥር ይመሳከራል።

በመጀመሪያው ቀን ልሳነወርቅ አሥራ ሰባት ሰው ጻፈ። አራቱን ዓምዶች መሙላት ቀላል ነው፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ቢላዋ ሞራጁ ቦጋለ የመጣው የሠፈር ልጆች የመሞረጃውን ቀበቶ ደብቀውበት ነው። ለዚህ ምን እርምጃ ይወሰዳል? ልሳነወርቅ ትንሽ አሰበና ከሱ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች አልፎ አልፎ ይጠቀሙባት የነበረችውን አሮጌ ሐረግ አስታወሰ። «ምክር ተሰጥቶት ተሰናብቷል» ብሎ ጻፈ። ስትጻፍ ታምራለች፤ ረጅምም አይደለች፣ አጭርም አይደለች፣ ዓምዷን ልክክ ብላ ሞላችው። ቦጋለ አመስግኖ ወጣ። ልሳነወርቅም የቀሩትን አሥራ ስድስት ሰዎች በዚያችው ሐረግ ዘጋቸው፤ ኢንስፔክተሩ ገጹን አይቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ የጎደለ ነገር ተሰማው። ኮፍያውን ሰቀለ፣ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ጆሮው ግን አንድ ነገር ሲጠብቅ ቆየ። ምን እንደሆነ የገባው ረፋዱ ላይ ነው፤ የሞራጁ ድንጋይ ሲዞር የሚያሰማው ያ ጥርስ የሚያፋጭ ሲጥታ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየረበሸው የኖረ ድምፅ ነው፤ ቢጠፋ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። መስኮቱን ከፍቶ አደመጠ። ጉም ገና አልወጣም፤ መንገዱ እንደ ወትሮው ነው፤ ዘወትር ከሚሠራበት ምሰሶ ሥር ግን የቦጋለ መሞረጃ ብቻውን ቆሟል፣ ከጎማው ውሃ ይንጠባጠባል።

በሦስተኛው ቀን ቢያድግልኝ ቆርቆሮውን ይዞ መጣ።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ሰዉ መታወቂያውን እየረሳ ይሄዳል እኮ።»

«ስንት ሰው?»

«ሠላሳ አራት። ሲወጡም አላይ፤ ጉሙ ነው መሰለኝ።»

ልሳነወርቅ ቆርቆሮውን ተቀብሎ መታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ርጥበት አግኝቷቸው ጠርዛቸው ተጣሟል፤ አሮጌ ወረቀትና የደረቀ ቀለም፣ የመዝገብ ቤት ሽታ ይሸታሉ። ስሙና አድራሻው ደህና ይነበባል። ፎቶግራፎቹ ላይ ግን ጸጉሩ፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ የጆሮው ጉትቻ ሳይቀር እያለ የፊቱ ቦታ ነጣ ብሏል፤ ሰው በጉም ውስጥ ቆሞ ወደ ካሜራው የዞረ ይመስላል። ልሳነወርቅ ርጥበት ነው አለ፤ ቢያድግልኝም አዎ ርጥበት ነው አለ። ሁለቱም እንደገና አላዩአቸውም።

የዚያን ሳምንት በአጥር የተጣሉ ሁለት የወንድማማች ሚስቶች አብረው መጥተው፣ ጠረጴዛው ፊት ሲሰዳደቡ ቆይተው፣ ተመክረው ተሰናበቱ። ግቢያቸው ልሳነወርቅ ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲያልፍ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በሁለተኛውም ቀን እዚያው ነው። በአምስተኛው ቀን ልብሱ ሻግቶ፣ የሕፃን ሹራብ እጅጌዎቹን ወደ ታች ዘርግቶ ተንጠልጥሏል፤ የጭስ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ ከውስጥ ምንም አይሰማም። ዶሮ እንኳ አይጮኽም። ልሳነወርቅ በሩን ሊያንኳኳ እጁን አነሣና የሚከፍትለት ሰው እንዳይጠፋ ፈርቶ መልሶ ኪሱ ከተተው።

የሞራጁ ሚስት ዘርትሁን የመጣችው በነሐሴ መግቢያ ነው። በፕላስቲክ ጫማዋ ውሃ ገብቶ ይንጨፈጨፋል። ባለቤቷ ከወጣ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ጠይቃ ጠይቃ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ወደዚህ ሲገባ እንደሆነ ነገሯት። አልጮኸችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «እዚህ ገብቶ ነበር ወይ? እሱን ብቻ ንገረኝ» አለችው። ልሳነወርቅ ገጹን ገልጦ ስሙን አሳያት፤ ማንበብ ስለማትችል ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈችና «እንዴት ያምራል» አለች። ኢንስፔክተሩ ከወዲያኛው ክፍል «ሳጅን፣ የዛሬውን እየዘጋን!» ብሎ ተጣራ። ልሳነወርቅም እንፈልገዋለን አላት፣ አይዞሽ አላት፣ ጻፈላት፤ እጁ የለመደውን ጻፈ። ዘርትሁን ወጣች። የጫማዋን ንጭፍጭፍታ ደጃፉ ላይ ሰማው፣ ጠጠሩ ላይ ሰማው፣ ግቢው መኻል ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ቆማ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ሲወጣ ጠጠሩ ላይ የርጥብ ጫማ ዱካ አለ፤ ዱካው እስከ መኻል ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

ተሰናበተ የሚለው ቃል ለሥራም ለሐዘንም እንደሚሆን ልሳነወርቅ ሳያውቀው የኖረ ሰው አልነበረም። ጉዳዩን ጨርሶ የወጣም ይሰናበታል፣ ከዚህ ዓለም የተለየም ይሰናበታል። በዚያን ቀን ግን ቃሉን ገና እንደሰማው ሆኖ አፉ ውስጥ አገላበጠው። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ቁጭ ሲል ከመዝገቡ አንድ ነገር ሰማ። ጆሮውን ወደ ገጹ አስጠጋ፤ ከወረቀቱ ሥር፣ ከሩቅ፣ ብዙ ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ወረፋ ሲጠብቅ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ይመጣል። ሁሉም የየራሱን ጉዳይ ይናገራል፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የሚሰማው የለም። በመኻሉ አንዲት ሴት «እሱን ብቻ ንገረኝ» ትላለች። ልሳነወርቅ መዝገቡን ከደነና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ።

ማህደር የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው። ስልኩን ሲያነሣ «አባዬ» የሚል ድምፅ ሰማ። ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች። ጳጉሜን ሦስት ከሰዓት በኋላ በሚገባው አውቶቡስ።

«ቤት አይደለም የምመጣው፤ መጀመሪያ ጣቢያ ነው» አለችው። «ያኔ ያልሰማኸኝን እዚያው ወረፋ ይዤ ነው የምነግርህ።»

እየሳቀች ነበር። እሱ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ከደስታው ብዛት የጣቢያው ነገር ትዝ ያለው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ተመልሶ ደወለ፤ መስመሩ አልገባም። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልገባም።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ሐረግ አልጻፈም። «ነገ እንዲመለስ ተነግሮታል» ብሎ ይጽፍ ጀመር፤ ይህ የተጻፈለት ሰው ሁሉ በማግሥቱ ሲመለስ አየ። አባባ እንግዳሸት ተመለሱ። ላሟ የጠፋባት ተመለሰች። መንገድ ብቻ የጠየቀው መንገደኛ ሳይቀር፣ ለምን እንደመጣ እሱም ሳይገባው፣ በማግሥቱ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልሳነወርቅ በር ላይ የእያንዳንዳቸውን ኮቴ ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እንግዲህ መመለስ የሚለው ቃል ያድናል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ቃሉን እንደ ክታብ ይዞት ዋለ።

ያለፉትን ለመመለስም ሞክሯል። አንድ ቀን ብቻውን ሲሆን የዘርትሁንን መስመር አወጣና «ተሰናብታለች» የሚለው ላይ ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አሳረፈ። ሥርዝ ድልዝ በሕይወቱ አድርጎ አያውቅም። ቀለሙ የመጀመሪያውን ፊደል ሲነካ ከገጹ ውስጥ አጭር፣ የተዋጠ ድምፅ ወጣ፤ ሐኪም ቁስል ሲነካ ሰው የሚያሰማው ዓይነት። እጁን ቶሎ አነሣ። «ይቅርታ» አለ፤ ለማን እንዳለው አላወቀም።

በነሐሴ መጨረሻ ኢንስፔክተር ገዛኸኝ መዝገቡን ሊያይ ገባ። አባባ እንግዳሸት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው ስለ አሸንዳው እየተናገሩ ነበር። ኢንስፔክተሩ ገጾቹን ገለበጠና ፊቱ ተቋጠረ።

«ዋና ሳጅን፣ ይኼ ሁሉ ክፍት ነው እኮ። ሃያ ሦስት ጉዳይ!»

«ይመለሳሉ ጌታዬ። በየቀኑ ይመለሳሉ።»

«እሱ ነው ችግሩ። ዞን ምን እንዳለ ያውቃሉ? ባለፈው ወር አቤቱታ በግማሽ የቀነሰበት ብቸኛ ጣቢያ የኛ ነው።»

«ጌታዬ፣ የሄዱት ሰዎች...» አለና ልሳነወርቅ የቀረውን ሊጨርሰው አልቻለም። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ያውቅበት ነበር። በአፉ ግን እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደና ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ በሚቸኩል ጽሑፉ ሃያ ሦስቱንም መስመር ከላይ እስከ ታች ዘጋቸው። የመጨረሻው የአባባ እንግዳሸት ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ መዝገብ ግን አንቱ አይልም። «ምክር ተሰጥቶት ተሰናብቷል» ብሎ ጻፈ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ። «እንግዲህ ነገ እመለሳለሁ፣ ልጄ» አሉት። ልሳነወርቅ «አባባ፣ ትንሽ ይቀመጡ፣ ይቆዩ» እያለ ተከትሏቸው ወጣ፤ እጃቸውን ይዞ ሊያደርሳቸው አስቦ ነበር። ጉሙ ግን ግቢውን ሞልቶት ደጃፉ ላይ ካንዱ እርምጃ ወደ ሌላው አጣቸው። ከዘራው ጠጠሩን ሲመታ ይሰማል። ልሳነወርቅ እየተከተለ ቆጠረ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። አሥራ አራተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ፤ ጠጠር ሳይሆን ጣውላ የመታ ይመስላል። አሥራ አምስተኛው ከኋላው፣ ከቢሮው ውስጥ መጣ። አሥራ ስድስተኛው ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያዎች መኻል፣ በደከመ ምት ተሰማ፤ ከዚያም ወንበር ሲጎተትና አንድ ሰው እፎይ ብሎ ሲቀመጥ። ልሳነወርቅ ጉሙ ውስጥ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ስድስት ክረምት ሙሉ የሰማቸው ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አሸንዳቸውን አላየላቸውም።

ያን ቀን የተዘጉት ሌሎቹ ሃያ ሁለቱ ቤታቸው ነበሩ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከተማዋ በአንድ ጊዜ ዝም አለች። ልሳነወርቅ ወደ ቤቱ ሲሄድ ካንዱ መስኮት ሬዲዮ ለማንም ያልሆነ ዜና ያነባል፤ ካንዱ ግቢ የተጣደ ነገር እያረረ ይሸታል፤ መንገዱ ላይ ባለቤቱን የሚፈልግ አህያ ቆሟል። የሚፈልጋቸው ዘመድ ቢመጣ የሚመጣው ወደ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያ የመጣ ደግሞ ይጻፋል። በመጨረሻው ሳምንት ጥቂት መጡ፤ ኢንስፔክተሩ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዘጋቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጠፋ። ዞን የምስክር ወረቀት ላከ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ልሳነወርቅ ጢሙን ተላጭቶ፣ የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ዋናው በር ላይ ቆመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መታወቂያዋን ለማንም ሳትሰጥ፣ እግሯ ግቢውን ሳይረግጥ፣ እዚያው በሩ ላይ አቅፎ ይወስዳታል። ቤት ጠርጎ አጥቦ ነው የወጣው፤ አልጋዋን አንጥፏል። ወረፋ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሆንም ይሰማል። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ሲነግረው ዋለ።

ስምንት ሰዓት አልፎ ጉሙ መናኸሪያውን ሲውጥ ቢያድግልኝ መጣ። «አዛዡ ይፈልግዎታል፤ የዓመቱ መዝጊያ ፊርማ ነው፤ አንድ ደቂቃ ነው ብሏል።» ልሳነወርቅ እምቢ አለ። ኢንስፔክተሩ ራሱ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ጠራው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ እግሩን ወሰደው፤ ቢያድግልኝን ግን ክንዱን ጨብጦ «አንዲት ልጅ ከመጣች ከበሩ እንዳትነቃነቂ በላት፣ እኔ እስክወጣ» አለው።

ፊርማው አንድ አልነበረም። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከጉሙ ውስጥ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶም ከመንገዱ ወዲያ ኮቴ መጣ። ከሺህ ኮቴ መኻል የሚለየው ነው፤ ግራ ተረከዟን ትንሽ ትጎትታለች፤ ገና መራመድ ስትጀምር እንዲያ ነበር፣ እናቷ ጫማዋን በዚያ በኩል ቶሎ ቶሎ ታስጠግን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በሕልሙ የሰማው ኮቴ ወደ በሩ እየቀረበ መጣ። ልቡ እስኪፈነዳ ደስ አለው፤ በዚያው ቅጽበትም ፈራ።

«ሰው መጣ መሰለኝ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ እስክሪብቶውን አነሣ። «ልዝጋው፣ እርስዎ ፊርማውን ይጨርሱ።»

ልሳነወርቅ እስክሪብቶውን ከእጁ መነጨቀው። አለቃው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። «እኔ እጽፈዋለሁ!» አለ። ካልጻፈው ያኛው ይጽፈዋል፤ መስመሩን ቀድሞ መያዝ፣ ሌላ ቃል እንዳይገባበት አድርጎ መሙላት አለበት። ተራ ቁጥር አንድ። ሰዓት፣ ዘጠኝ ከሩብ። ስም፣ ማህደር ልሳነወርቅ። ጉዳዩ፣ አባቷን ለማነጋገር። አምስተኛው ዓምድ ላይ ደረሰ። «ነገ እንድትመለስ» ሊል አሰበና ተወው፤ ዛሬ ከደጁ ሊሸኛት ነው እንዴ? አራት ዓመት የጠበቀው አንድ ቃል አለ። ብዙዎቹን ያዳነውም እሱ ቃል ነው። ኮቴው በሩ ላይ ሲቆም፣ በዚያ ተቆጣጣሪዎች በሚያደንቁት ፊደል፣ ከሕይወቱ ሁሉ አሳምሮ፣ አራት ነጥቡን ሳይቀር አስተካክሎ ጻፈው።

ተመልሳለች።

እስክሪብቶውን አስቀመጠና እንባው ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ቀና አለ። መዝገቡ ዝም ብሏል። ጉርምርምታው የለም፤ አግዳሚው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ይመስላል። ልሳነወርቅ ተነሥቶ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ያቺን ማመልከቻ ከደረት ኪሱ አውጥቶ በእጁ ያዘ፣ በሩን ከፍቶ ፈገግ እንዳለ ጠበቀ። ጠጠሩ ላይ የሚመጣው ኮቴ ግን የከባድ ቦቲ ጫማ ነበር።

ቢያድግልኝ ከጉሙ ወጣ። በእጁ ርጥብ መታወቂያ ይዟል።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ልጅዎ መጥታ ነበር፤ መታወቂያዋን ሰጠችኝ፣ እንዳሉኝ ‹እዚሁ ቆዪ፣ አሁን ይወጣል› አልኳት፣ እሷም ደስ ብሏት እየሳቀች ቆማ ነበር፤ ከዚያ ከኋላዋ ማን እንደጠራት እንጃ፣ ዞር አለችና ወደ መጣችበት ተመለሰች።»